የጋሽ መለከት ካናሪና የቦዩ እንቁራሪት

ጋሽ መለከት ጡረታ የወጡ የሰልፍ ባንድ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። አንድ ማለዳ ክዳኑ የተከደነ ባልዲ አንጠልጥለው ከጓሯቸው ሲወጡ፣ የግብርና ትምህርቷን ጨርሳ ከተመለሰችው የወንድማቸው ልጅ ጋር በሩ ላይ ግጥም አሉ። ባልዲው ውስጥ አንዳች ነገር ይንጣጣል።

«ምንድን ነው የያዙት፣ ጋሼ?»

«እንቁራሪት ነዋ! ከቦዩ ለቅሜ አስፋልት ላይ ልደፋቸው ነው። ዝናብ ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ምን ያስፈጥጥሻል?»

«አስፋልት ላይ? ፀሐይ እንዲጠብሳቸው? ነውር አይደለም እንዴ!»

«ነውርስ የእነሱ ድምፅ! በዜማ የኖረ ጆሮዬን ቀደዱት እኮ። ባለፈው አንዱ ቢጮህ የጎረቤት መስኮት ረገፈ። በሽቦ ቤት የማሳድገው ወፌ፣ ካናሪዬ ግን የባንድ መሪያችንን ዜማ አርሞታል!»

እዚህ ላይ ጋሽ መለከት ትንሽ ጨምረዋል፤ መስኮቱን የሰበረው ኳስ ነው።

«ካናሪዎ ለምን እንደሚዘምር ያውቃሉ?»

«እኔን ሊያስደስት ነዋ!»

«ሚስት እየጠራ ነው፣ ጋሼ! እንቁራሪቱም እንደዚያው። ሁለቱም ወንድ፣ ሁለቱም ትዳር ፈላጊ፤ አንዱን እህል እያበሉ ሌላውን ሊጠብሱ! ለመሆኑ የጓሮ ጎመንዎ እንዴት ነው?»

የጋሽ መለከት ፊት ጠቆረ። የጡረታው ጉድለት የሚሞላው ያ ጎመን ገበያ ሲወጣ ነው፤ ዘንድሮ ግን ቅጠሉ ወንፊት ሆኗል።

«ትል ጨረሰው። ነገ መርዝ እረጭበታለሁ።»

«ጎረቤት ውሃ የሚቀዳበት ቦይ አጠገብ?» ብላ እጃቸውን እየጎተተች ወደ ጎመኑ መደብ ወሰደቻቸው። አንዱን ጎመን ስትፈለቅቀው ትሉ ተርመሰመሰ። «በሉ፣ ካናሪው ይዝፈንለት! ይሄን ትልና ጥንዚዛ ሲመሽ እየወጡ የሚለቅሙልዎት ባልዲው ውስጥ ያሉት ነበሩ። እርስዎ በየዓመቱ እነሱን እየለቀሙ ሲደፉ፣ ትሉ ከልካይ አጣ። ካናሪውማ ሽቦ ውስጥ ሆኖ ምን ያድርግ?»

ጋሽ መለከት ጎመኑን አዩ፤ ባልዲውን አዩ።

«እስከዛሬ ሠራተኞቼን ነዋ ሳባርር የኖርኩት!» ብለው ጮኹ፤ አሁን ቁጣው በራሳቸው ላይ ነው።

«ያውም ደመወዝ የማይጠይቁ!»

ባልዲውን ቦዩ ዳር ደፉት። እየዋለ እያደረ ጎመኑ አገገመ፤ መርዙ ቀረ፤ ጎረቤትም ሳይሳቀቅ ከቦዩ ቀዳ።

ሥጋ ሻጩ ጎረቤታቸው እንደ ልማዱ ከቦዩ የለቀማቸውን እንቁራሪቶች በባልዲ ይዞ ብቅ ሲል፣ ጋሽ መለከት እጃቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉበት።

«አንተ ሰውዬ፣ ደፍረህ ሠርግ ልታፈርስ ነው? መልሳቸው!»