ከግንዘት በፊት

በእድራችን ሴት ስትሞት አጥቤ የምገንዘው እኔ ነኝ። ፊደል ብዙም አልቆጠርሁም፤ ግን ሬሳ አልፈራም። የምፈራው በሕይወት ያለውን ነው፤ በተለይ የተማረውን።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀሐ ወንዝ ስመለስ መንገድ ላይ መሪጌታ ሐብተ ማርያምን አገኘኋቸው። ለሚስታቸው ለየዓለምወርቅ ብርቱካን ገዝተው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ልቧን ከታመመች ቆይታለች፤ ሐኪምም ተስፋ አልሰጣትም።

"የኔታ፣ እንደምን ዋሉ? ላገኝዎ ስፈልግ ነበር" አልኋቸው።

"እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው አምሳል? አንቺ ሰው ስትፈልጊ ያስፈራል እኮ!"

"አይፍሩ፣ ተራዎ አልደረሰም። ደግሞ ወንድ አልገንዝም። የዓለምወርቅ ጠርታኝ ነበር። 'ስሞት ሳትገንዢኝ ለዓይን ሐኪሞቹ ደውዪ፤ የዓይኔን ብሌን ለማያይ ሰው ሰጥቻለሁ። የኔታ እንዳይሰሙ' አለችኝ። እኔ ደግሞ ተደብቄ አላደርገውም፣ እነግራቸዋለሁ አልኋት። የተደበቀ ስጦታ ሌብነት ይመስላል።"

ብርቱካኑን ድንጋይ ላይ አስቀመጡ።

"ለእኔም ነግራኝ እምቢ ብያታለሁ። ሥጋ የእግዚአብሔር አደራ ነው። ሙሉ የተቀበልነውን ሙሉ እንመልሳለን። ዛሬ ዓይን ስጡ ያሉ ነገ ኩላሊት በገበያ ያወጣሉ።"

"የሸጠም ይረገም! ድሀ አባብሎ የሚገዛም ይረገም! በዚህ አንጣላም። እርሷ ግን ሳንቲም አልጠየቀች፣ ያስገደዳትም የለ። ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ አንዲት ልጅ አየች፤ ብሌኗ ላይ ነጭ ጥሎባት የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ የምትሄድ። የሞተ ሰው ብሌን ቢገኝ ልጅቱ ታይ ነበር ሲባል ሰማች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ የላትም።"

"ፊቷስ? የተቆፈረ ፊት ልትገንዢ ነው?"

"እኔም መጀመሪያ የጠየቅሁት እሱን ነው። የሚያነሡት ከላይ ያለውን፣ እንደ መስተዋት የጠራውን ስስ ነገር ነው። ዓይኑ ሲከደን ፊቱ እንደነበረ ነው አሉኝ ሐኪሞቹ። ደግሞ እኔ እዚያው ነኝ፤ ካላማረኝ ጮኼ አስቆማቸዋለሁ።"

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጠረጉ። ድምፃቸው ቀጠነ።

"በሰማይ ስንገናኝ በምን ዓይኗ ልታየኝ ነው፣ አምሳል?"

ለካ ነገሩ ይህ ኖሯል! ሰው ሲከራከር የሚያወራው ሌላ፣ የሚያስጨንቀው ሌላ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም።

"በስንክሳር ሲያነቡ የሰማሁት ቅዱስ አለ አይደል... እጁን የቆረጡት?"

"እጁን ብቻ? ቆመሽ ምን ትሰሚያለሽ አንቺ! ያዕቆብ ግሙድ እኮ ነው። ጣቶቹን አንድ ባንድ፣ ከዚያ እጁን፣ እግሩን፣ በመጨረሻ አንገቱን!"

"ታዲያ በትንሣኤ ቀን ጣት የለውም?"

"ማን እንዲህ አለ! ከትቢያ የፈጠረ ጌታ ጣት መመለስ..."

የራሳቸውን ቃል ራሳቸው ሰሙት። እኔም ቀስ ብዬ፣ "እርሱ ስለ አምላኩ፣ እርሷ ስለ ባልንጀራዋ" አልኋቸው።

ብርቱካኑን አነሡና "ነይ፣ ተከተዪኝ" አሉ።

የዓለምወርቅ አልጋዋ ላይ ሆና ሁለታችንን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"አንቺ ወሬኛ!" አለችኝ።

መሪጌታ አጠገቧ ተቀምጠው ብርቱካን መላጥ ጀመሩ። "ፈቅጃለሁ" አሉ ቀና ሳይሉ። "የእኔንም እሰጣለሁ። ብቻሽን አትሰጪም።"

"የእርስዎን ደግሞ ማን ይፈልገዋል? የወሰደው ሰው መነጽርዎንም አምጡ ይላል!"

ስቃ ሳትጨርስ አለቀሰች። የላጡላትን ተቀብላ በላች፤ እንዲያ ስትበላ ካየሁ ሰንብቶ ነበር።

በማግስቱ መሪጌታ በእድሩ ፊት ቆመው ይህን ተናገሩ፦ እንዲህ ያለውን ነገር ቁጭ ብሎ በደኅና ቀን መጨረስ ሸጋ ነው፤ ልቅሶ ቤት ውስጥ ማን ከማን ይመክራል? መስጠት የፈለገ ለቤተ ሰቡ በአፉ ይንገር። ያልፈለገም አይሰደብ፤ በግድ የተሰጠ ስጦታ አይባልም። አፈር ከሚበላው ግን አንዲት ልጅ የእናቷን ቀሚስ ለቃ በራሷ ብትሄድ፣ ፊደል ብትቆጥር፣ እናቷም እጇ ተፈቶ ሥራዋን ብትሠራ፣ ትርፉ ለአገር ነው።

እኔም የሐኪሞቹን ስልክ ቁጥር ከመግነዣው ጨርቅ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። እዚያው ይቆይ። የዓለምወርቅ ለጊዜው በገዛ ዓይኗ እያየችን ነው።