በኦርቪን ስቴንስሩድ እጅ የተሠሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት መቶ ጥይቶች

አቶ ኦርቪን ስቴንስሩድ ከአባታቸው ከአቶ ሃልቮር ስቴንስሩድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢንጋ፣ በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ከሉዊስታውን ከተማ በስተሰሜን ባለው የቤተሰቡ የስንዴ እርሻ በየካቲት 1951 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በመንደሩ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በከተማው ተምረው፣ ሠላሳ አራት ዓመት በእህል ጎተራው መካኒክ ሆነው ሠርተዋል። በ1975 ከወይዘሮ ማርላ ጋር በሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ካሪን የተባለች አንዲት ልጅ ወልደዋል።

ከአባታቸው የወረሱት፣ በተኮሰ ቁጥር ራሱን የሚያጎርስ የድሮ የወታደር ጠመንጃ ነበራቸው። የፋብሪካ ጥይት አይገዙለትም። የተተኮሰውን ቀለህ ለቅመው፣ አጥበው፣ ምድር ቤት ባለው ጠረጴዛቸው ላይ አዲስ ቆብ፣ ባሩድና እርሳስ እያስገቡ እንደገና ይሠሩታል። ባሩዱን የምታቀጣጥለው ቆብ በቀለሁ ግርጌ ለጥ ብላ ካልገባች፣ እንዲህ ያለው ጠመንጃ መዝጊያው ሳይቆለፍ ሊተኩስና የተኳሹን ፊት ሊያበላሽ ስለሚችል፣ እያንዳንዷን በጣታቸው ሳይዳስሱ አያሳልፉም ነበር። የወይዘሮ ማርላ ወንድም አቶ ዱዌን፣ "ሰውዬ፣ ጥይት ነው የምትሠራው ወይስ ዕንቁላል ነው የምትመርጠው?" ሲሏቸው፣ "መልክህ እንደሆነ ድሮም አላማረ፤ ያለችህን እንኳ ላትርፍልህ ብዬ ነው" ይሉ ነበር። አቶ ዱዌንም የዚያው ዓይነት ጠመንጃ ስላላቸው፣ ሠላሳ ዓመት በተኩስ ክበቡ ውድድር የተኮሱት በአቶ ኦርቪን እጅ የተሠራውን ብቻ ነው።

በ2016 የአንጀት ካንሰር ተገኘባቸው። መድኃኒቱ የጣቶቻቸውን ጫፍ አደነዘዘው፤ ለማንም ግን አልተናገሩም። የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታቸው ወይዘሮ ማርላ አይተው ቢጠይቋቸው "ብርድ ነው" አሉ። ስንዴው በቁሙ የሚነድ የሚመስልበት የነሐሴ ሙቀት ነበር። በዚያው ወር ለአቶ ዱዌን ሁለት መቶ ጥይት ሠሩ፤ እንደ ልማዳቸውም አንድ በአንድ ዳሰሱ።

በውድድሩ ዕለት ጠዋት አቶ ዱዌን ሳጥኖቹን ጭነው መኪናቸውን ካስነሱ በኋላ፣ አቶ ኦርቪን በካልሲያቸው ወጥተው ከመኪናው ፊት ቆሙ።

"ምን ሆነሃል? ልግጭህ እንዴ?"

"አውርደው ዱዌን። ጣቴ ደንዝዟል፤ አይሰማም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አንዷንም ከመሥራቴ በፊት።"

አቶ ዱዌን ሞተሩን አጠፉ። ወደ ቤቱ ዞረው እህታቸውን ጠሩ። "ማርላ፣ ያንቺ ጣት ይሰማል አይደል? ነይ እስቲ።"

ሦስቱም ጠረጴዛው ዘንድ ተቀመጡ። ወይዘሮ ማርላ ሁለት መቶውንም ዳሰሱ። የዘጠኙ ቆብ ወጣ ያለ ነበር። አቶ ኦርቪን ደህናዎቹንም ጭምር ሁሉንም ፈቱ፤ ጠረጴዛውን በአንሶላ ሸፈኑ፤ ከዚያ ወዲህ ጥይት አልሠሩም። የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ የዘጠኙ ነገር እንዳይቀር ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

ሕመማቸው እየጸና ሄዶ ጥቅምት 2018 በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ። በመጨረሻው ቀን ነርሷ ወይዘሮ ማርላን እጃቸውን እንዲይዙላቸው ብትነግራቸው፣ እርሳቸው ከክርናቸው በላይ ያዟቸው፤ ስሜት የቀረው እዚያ ነበርና።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ማርላን፣ ልጃቸውን ካሪንን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና ይህን የሚያነቡላችሁን አቶ ዱዌንን ትተው ሄደዋል። የሰውን ድካም የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን። አሜን።