በአቶ እሸቴ በር ላይ ስለነበረው እሾህ

ተጨማሪ የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ፈንታነሽ ሙላቴ ዘውዱ
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ የከተማ አስጎብኚ
የትምህርት ደረጃ፦ 10ኛ ክፍል
የትውልድ ቦታ፦ ጋፋት
አድራሻ፦ ደብረ ታቦር ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ነሐሴ 12 ቀን 2010 ዓ.ም፣ ከጧቱ 3፡20 ሰዓት
ቃሉን የተቀበሉት፦ ዋና ሳጅን አስናቀ ፋንታው
ጉዳዩ፦ ነሐሴ 10 ቀን በአቶ እሸቴ ካሳሁን ግቢ ውስጥ ግንብ ፈርሶ በሰው አካል ላይ ስለደረሰ ጉዳት

እኔ ስሜ ከላይ የተጻፈው ምስክር በዚሁ ጉዳይ ነሐሴ 10 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜ ነበር። ዛሬ የመጣሁት ማንም ሳይጠራኝ ነው። በዚያን ቀን ስለ ግቢው በር የተናገርኩት ሐሰት ነው። ዋና ሳጅን አስናቀ ቃሌን ብለውጥ ከምስክርነት ወደ ተጠርጣሪነት ልዞር እንደምችል፣ ለመናገርም እንደማልገደድ አስረድተውኛል። ገብቶኛል፣ ይጻፍልኝ ብያለሁ።

ኩዌት አራት ዓመት ከመንፈቅ በሰው ቤት ሠርቼ በ2006 ዓ.ም ተመልሻለሁ። ላለፉት ሦስት ዓመታት እንግዶችን በእግር እያዞርኩ ከተማውን አስጎበኛለሁ። መንገዴ አንድ ነው። ከመናኸሪያው ተነስተን፣ ገበያውን አቋርጠን፣ በአሮጌው ሰፈር ሽቅብ ወጥተን ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን እንሳለማለን፤ ከዚያ በባጃጅ ጋፋት እንሄዳለን። ከዚህ ሁሉ፣ እንግዳ አብልጦ የሚወደው በአሮጌው ሰፈር ያለውን የአቶ እሸቴን ፎቅ ቤት ነው። ቤቱ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ሲሆን ወደ ላይ የሚያወጣው የእንጨት ደረጃ በውጭ በኩል ነው።

አቶ እሸቴ ዕድሜያቸው 76 ነው፣ እኔ አባባ እላቸዋለሁ። ለእንግዶች በዚህ ቤት አንድ ደጃዝማች ሦስት ክረምት ከርመውበታል እያልኩ እናገራለሁ። እውነት አይደለም፣ ቤቱን የሠሩት እህል ነጋዴ የነበሩት አባታቸው ናቸው። አባባ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ይሰሙኝና እንግዶቹ ሲወጡ “ባለፈው ሁለት ክረምት ነበር ያልሽው፣ ዛሬ ሦስት አደረስሽው። የሚቀጥለው ንጉሥ ነው መሰል፣ እኔ አልጋ የለኝም” ይሉኛል። ዋና ሳጅን ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብለውኝ ነበር። ያስፈልጋል ብዬ አስጽፌያለሁ። እኔ ራሴ የረሳሁትን ውሸቴን እሳቸው ያስታውሱታል።

ነሐሴ 8 ቀን ጧት በደጃቸው ሳልፍ ጠሩኝ። በግቢው በስተግራ ያለው ረጅም ግንብ ሌሊት በጣለው ዝናብ ወደ ውስጥ አብጦ አሳዩኝ። “ፈንቴ፣ ይኸ ግንብ አላማረኝም። ግንበኛ መጥቶ እስኪያየው ሰው እንዳታስገቢ። እኔም ከቤት ስወጣ እሾህ እዘጋበታለሁ” አሉኝ። እኔም “እሽ አባባ፣ አያስቡ” ብያቸው ሄድኩ። ግቢው መዝጊያ የለውም፣ ድሮም የሚዘጋው በእሾህ ነው። በእኛ አገር በር ላይ እሾህ ከተጋደመ ባለቤቱ የሉም፣ አትግባ ማለት ነው። ይህን የማያውቅ የለም፣ እኔም አውቃለሁ።

ነሐሴ 10 ቀን ለቡሄ በዓል ቀደም ብለው የመጡ ሰባት የአዲስ አበባ እንግዶች ነበሩኝ። ጧት 2 ሰዓት ይደርሳሉ የተባሉት መኪናቸው ወረታ ላይ ጎማ ፈንድቶበት 5፡15 ሰዓት ላይ ደረሱ። ገበያውን አሳይቼ ኢየሱስ ስንደርስ 6፡30 ሆኖ ነበር። የፍልሰታ ቅዳሴ ተጀምሮ ስለነበር እንግዳ ይዤ መግባት አልቻልኩም። ከቅጥሩ ውጭ ቆመን ካፊያ ጣለብን። ከእንግዶቹ አንዱ አቶ በላይነህ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር “ልጄ፣ በቃ ይኸው ነው ወይስ የቀረ አለ?” ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን አፈርኩ። ከኩዌት ስትመለስ ምን ይዛ መጣች ላሉኝ ሰዎች ሁሉ የማሳየው ይህን ሥራ ነው። ሰው ዝናብ አስመትቼ ባዶውን ልሸኝ ነው ብዬ ተናደድኩ። ከሁሉ የሚያምረው ገና ነው ብዬ ወደ አባባ ቤት ይዣቸው ወረድኩ። አባባ ቅዳሴ ላይ እንደነበሩ፣ እስከ 9 ሰዓት እንደማይመለሱም አውቅ ነበር።

ከቀኑ 7፡10 ሰዓት ገደማ መታጠፊያው ላይ እንግዶቹ አንድ አሮጌ በር ፎቶ ሲያነሱ ቆዩኝ ብዬ ብቻዬን ቀደምኩ። ስለዚህ ያየሁትን ከእነሱ ያየ የለም። በግቢው በር ላይ ቁመቴን የሚያህል የቀጋ ቅርንጫፍ ተጋድሞ ነበር። ግንዱ ከበሩ ቋሚ ጋር በሰማያዊ የናይለን ገመድ ታስሯል። ለመፍታት ሞከርኩ፣ ቋጠሮው እምቢ አለኝ። ገመዱን ከነቋጠሮው ከቋሚው ጫፍ ላይ ገፍፌ አወጣሁትና ኪሴ ከተትኩት። እጄን በነጠላዬ ጠቅልዬ እሾኹን ጎተትኩ፤ ነጠላውን አልፎ መዳፌን ወጋኝ። ከታች ባለው ቦይ ሳማው ውስጥ ወረወርኩት። ለአምስት ደቂቃ ነው፣ ሲወጡ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ እንግዶቹን ግቡ አልኩ።

በግንቡ በኩል አትሂዱ ብያቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ታዲያ ለምን አስገባሽን ይሉኛል ብዬ ነው። የደጃዝማቹን ታሪክ ጀመርኩ። አቶ በላይነህ ፎቁን ሙሉውን ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲሉ አይቻለሁ። ወሬዬን አቋርጬ ልጣራ ስል ግንቡ መጣ። ከወገባቸው በታች ድንጋይ ተጫናቸው። ሁላችንም በእጃችን ድንጋይ እያነሳን አወጣናቸው። በባጃጅ ሆስፒታል ደርሰው ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ተልከዋል። ቀኝ እግራቸው ሁለት ቦታ መሰበሩን፣ ቀዶ ጥገና እንደሚጠብቃቸው ባለቤታቸው ትናንት በስልክ ነግረውኛል። በሕይወት አሉ።

ከቀኑ 9፡10 ሰዓት አባባ እሸቴ ከቅዳሴ ተመለሱ። ፖሊስ ደርሶ ነበር። ግንቡ አደገኛ መሆኑን እያወቁ በሩን ለምን ክፍት ተዉት ተብለው ተጠየቁ። እሾህ ዘግቼ ነው የሄድኩት አሉ። ታዲያ እሾኹ የታለ ሲባሉ ጋቢያቸውን ሰብስበው በበሩ ዙሪያ ይፈልጉ ጀመር። ከቋሚው ሥር ጎንበስ ብለው መሬቱን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ ፊቴን አዞርኩ። ልጃቸው ወ/ሮ ጥሩነሽ ለእሳቸው አስባ “አባዬ፣ ባለፈው ሳምንትም ቁልፍዎን ረስተው ነበር እኮ” አለች። አባባም “እንግዲያስ ረስቼዋለሁ” አሉ። በዚሁ ተይዘው ሄዱ። እኔም በሩ ክፍት ነበር፣ ምንም አልተጋደመበትም፣ መዳፌን የቆረጠኝ ድንጋይ ነው ብዬ ቃሌን ሰጠሁ።

ትናንት ነሐሴ 11 ቀን 10 ሰዓት ላይ ከወ/ሮ ጥሩነሽ ጋር ለአባባ የጾም ምግብ ይዤ ጣቢያ መጣሁ። ያሳሰባቸው መታሰራቸው አልነበረም። ስታልፊ እሾኹን አላየሽም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አላየሁም አልኳቸው። እንዲህ አሉኝ፦ “ገመዱን ሳስር ይታየኛል፣ ሰማያዊ ነው። ሁለት ጊዜ ቋጥሬ ስስበው ይታየኛል። ያላደረግሁትን እንዲህ አጥርቶ ካሳየኝ ጭንቅላቴ አልቋል ማለት ነው።” ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው “ከዛሬ ጀምሮ ብቻዬን እሳት እንዳነድ እንዳትተዉኝ፣ ቤቱንም በስምሽ አዙሪው፣ የምፈርመውንም አታምኑኝ” አሏት። ጥሩነሽ አለቀሰች። ገመዱ ያን ጊዜ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄን ሰድጄ ይዤው ነበር። ያኔም አልተናገርኩም። በራሴ አፈርኩ፣ ፈራሁም፤ ይህን ሥራ ካጣሁ የምመለሰው ወደ ሰው ቤት ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም።

ገመዱን አሁን ከነቋጠሮው ለዋና ሳጅን አስናቀ አስረክቤያለሁ። እሾኹ ከግቢው በታች ባለው ቦይ ሳማው ውስጥ ነው፣ ዝናብ ካልወሰደው ይገኛል። የመዳፌን ቁስል አሳይቻለሁ። በሩን የዘጉት አቶ እሸቴ ናቸው፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ቃሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልኝ የራሴ መሆኑን አረጋግጫለሁ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ነሐሴ 10 ቀን የሰጠሁት ቃል ከዚህ ጋር በሚጋጭበት ሁሉ ይህኛው ይያዝልኝ። ማንም አላስገደደኝም። በእኔ ላይ የሚደረገው ከመደረጉ በፊት ገመዱ ለአቶ እሸቴ እንዲታይላቸው እጠይቃለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ፈንታነሽ ሙላቴ
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ዋና ሳጅን አስናቀ ፋንታው

የቃል ተቀባይ ማስታወሻ፦ ከጧቱ 4፡50 ሰዓት ምስክሯ ባለችበት ገመዱ ለአቶ እሸቴ ካሳሁን ታይቷል። ተቀብለው በጣታቸው ደጋግመው ከዳሰሱት በኋላ “ቋጠሮው የኔ ነው” ብለዋል። ልጃቸው ቶሎ እንድትጠራላቸው ብቻ ጠይቀዋል።