ማንም ያላነበበው የኖርማን ወረቀት

ሙዚየሙ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ደውሎ ነበር። የመጀመሪያ የኮምፒውተር ጨዋታችንን «የጨው ዋሻ»ን ለኤግዚቢሽኑ ይወስደዋል፤ ጎብኚው ከፍቶ መጫወት ከቻለ ብቻ። ካልተከፈተ የሌላ ድርጅት ጨዋታ ይተካበታል። ኖርማን የላከላቸውን ቡናማ ወረቀት ሦስት ሠራተኞች መብራት ደቅነውበት አንድ መስመር እንኳ አላነበቡም።

ወደዚህ እመለሳለሁ። የዛሬው ግብዣ ለኖርማን ነውና መጀመሪያ ብስክሌቱን ላንሳ።

ኖርማን ትዌይት ሥራ በጀመረበት ቀን ብስክሌቱን ከግቢያችን በር ጋር በሁለት ሰንሰለት አሰራት። ቁልፎቹን ቤት ረስቷቸው ነበር። የከተማችን የሸፊልድ ሌባ ብስክሌቷን አልነካትም፤ የዕቃ መኪናችንም ብረት ቆራጭ ተጠርቶ እስኪመጣ ድረስ ውጭ ቆሞ ዋለ። አለቃችን ይህን አይቶ ጨዋታዎቻችንን ሰርቆ ከሚገለብጥ ሰው የመጠበቁን ሥራ ለእሱ ሰጠው።

ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። ያኔ ጨዋታው የሚሸጥበትን ዲስክ መገልበጥ ሻይ ከማፍላት አይከብድም ነበር። ስለዚህ ጨዋታው ሲከፈት «ሰባተኛው ረድፍ ላይ ያለው ቁጥር ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ያለው ከዲስኩ ጋር በሳጥኑ ውስጥ በሚሸጠው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱን የፎቶ ኮፒ ማሽን እንዳያነሣው ኖርማን ጥቁር ቡናማ ወረቀት መርጦ በጥቁር ቀለም አሳተመው። ማሽኑ ውስጥ ሲከተው ድፍን ጥቁር ሆኖ ወጣ። ያንን ጥቁር ወረቀት ልጁ አንደኛ እንደወጣለት አባት እየዞረ አሳየን።

የሰው ዓይንም ልክ እንደ ማሽኑ ጽሑፉን እንደማያየው የሚነግረው ሰው አልነበረም። የሞከረው በራሱ ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት መብራት ሥር ነበር።

አልነበብ ያላቸው ደንበኞች ሲደውሉ ስልክ የማነሣው እኔ ነበርኩ። «ወደ መስኮት ይጠጉ በያቸው፣ ግሌንዳ» አለኝ ኖርማን። በኅዳር፣ ፀሐይ ቶሎ በምትጠልቅበት ወር፣ ከጎረቤት ከተማ ከሮዘራም አንድ ሰው ደወሉ፤ እንደታዘዝኩት ነገርኳቸው። ሰውዬው፣ «የኔ እመቤት፣ መስኮቱ ጋ ነኝ። መስኮቱም ጨልሟል» አሉኝ።

በዚህ መሀል አንድ ሌባ ወረቀቱን ፀሐይ ላይ አውጥቶ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ገበያ አወጣው። የሰረቀ ይጫወታል፤ የገዛ ይደውላል። ቆይቶ የገዙትም የሌባውን ወረቀት ያፈላልጉ ጀመር። አለቃችን ራሱ አንዱን ገዝቶ ለስልክ ክፍሉ አመጣልን። ኖርማን ሲገባ የሻይ ትሪ እንጭንበት ነበር። አንገትህን አትነቅንቅ፣ ኖርማን፤ ትሪው ለምን እንደማይነሣ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅክም።

አሁን ደግሞ ሚስቱ ጆይስ በዚህ ሳምንት የነገረችኝን ልናገር። ኖርማን በጣም ለተናደዱት ደንበኞች የቤቱን ስልክ ይሰጥ ነበር። እሑድ ምሳ ላይ ሥጋው እየቀዘቀዘ፣ እሱ ስልኩን ይዞ ለማያውቀው ሰው ረድፍ በረድፍ ቁጥር ይነግራል። አንድ ቀን ጆይስ፣ «አንተስ እንዴት ታነበዋለህ?» ብላ ጠየቀችው።

«አላነበውም» አላት። «ሸምድጄዋለሁ።»

ኖርማን፣ ያን ወረቀት የሠራኸው እንጀራችን እንዳይሰረቅ ብለህ ነው። ሌሎች ድርጅቶች ደንበኛ ሲደውል ስልኩን ነቅለው ያስቀምጡ ነበር። አንተ ግን የዘጋህበትን ሰው ራስህ ቁጭ ብለህ ከፈትክለት። ስለዚህ ሁላችንም እናመሰግንሃለን፤ ይህን ያለ ቀልድ ነው የምናገረው።

ወደ ሙዚየሙ ልመለስ። አንድ ሰብሳቢ ዘንድ የሌባውን ወረቀት አግኝተዋል። አንተ ከፈቀድክ ከስምህ ጎን ይሰቅሉታል፤ ጎብኚም ከዚያ ያነባል። ካልፈቀድክ ቁጥሮቹን ከሸመደድከው አውጥተህ ነጭ ወረቀት ላይ መጻፍ አለብህ። ማለትም ሥራህን የሚገለብጠው ወይ ሌባው ነው፣ ወይ አንተ። ለዚህ ብለን ዛሬውኑ አዋጥተን ስጦታ ገዝተናል፦ አንድ ደርዘን ሰማያዊ እስክሪብቶና አንድ ጥቅል ነጭ ወረቀት።

ብርጭቋችሁን አንሡ። ለኖርማንና ለጆይስ፤ ጤና፣ ዕድሜና ያልቀዘቀዘ የእሑድ ምሳ ይስጣቸው።

ሙዚየሙ መልስህን እስከ ሰኞ ቀትር ይጠብቃል።