ውሃውን ማን አሞቀው?

በጠራራ ፀሐይ ከሱቄ ወደ ቤት ስመለስ ደረጃው ላይ አንዲት ወጣት ሴት ጫማዋን አውልቃ ጠጠር ስታራግፍ አገኘኋት። የጎረቤቴ የእህት ልጅ ናት፤ የአየር ንብረት ተመራማሪ። ጉልበቷ ላይ የሙቀት መለኪያ አስቀምጣለች። እንደ እኔ ያለ በራሱ ጥረት ፊደል የቆጠረ ሰው የተማረ ሲያገኝ ሳይጠይቅ አያልፍምና፣ ምን እንደምትለካ ጠየቅኋት።

«የቤቶችን ሙቀት» አለችኝ። «እስካሁን የምንለካው ውጭውን ነበር። ሰው የሚኖረው ግን ቤት ውስጥ ነው። ይህን ለመረዳት ብዙ ስብሰባ ፈጅቶብናል።»

አብረን ወደ አክስቷ፣ ወደ ጎረቤቴ ቤት ገባን። አክስቷን ሰፈሩ «እማማ መዝጊያ» ይላቸዋል፤ ንፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሲያዩ እባብ እንዳዩ ይደነግጣሉ። ልጃቸው ከወለደች ገና ሳምንቷ ነው። ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ያለችው ክፍል መስኮቷ ተዘግቷል፤ ስንጥቁ ሁሉ በጨርቅ ተወትፏል። ሕፃኑ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ፊቱ ቀልቷል። እናቱ ጡቷን ብታስጠጋለትም አልያዘም።

«ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ነው» አለች እናቲቱ።

«ብርድ መትቶት ነው» አሉ እማማ፣ ሦስተኛውን ብርድ ልብስ እየዘረጉ።

«አክስቴ፣ አይቀየሙኝና ብርዱ በየት በኩል ገባ?» አለች ተመራማሪዋ። «እኔ እንኳ የገባሁት በመከራ ነው።»

«እኔ ሰባት አሳድጌያለሁ። አንቺ ስንት አሳደግሽ?»

«አንድም።»

«እንግዲያውስ መለኪያሽን ይዘሽ ተቀመጪ።»

እውነቱን ለመናገር ሰባት ልጅ ቀላል ማስረጃ አይደለም። ከዚህ ባነሰ ማስረጃ መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች አሉ።

«እርስዎ ሰባቱን ያሳደጉበት ሙቀትና የዛሬው አንድ አይደለም» አለች ልጅቱ በትሕትና። «ያኔ ቀን የሞቀ ቤት ሌሊት ይበርድ ነበር። አሁን ሌሊቱም አያስተነፍስም። የዓለም ሙቀት ከአንድ ዲግሪ በላይ ጨምሯል።»

እማማ ሳቁ። «አንድ? እኔ ሻይ ላይ አንዴ እፍ ስል ከዚያ በላይ እቀንሳለሁ።»

ልጅቱ ስለ አማካይ ማስረዳት ጀመረች። ስለ አማካይ ሲነገራት የምታዳምጥ አያት እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም። መለኪያውን ብታሳያቸው «መነጽሬን አላደረግሁም» አሉ፤ መነጽሩ ግን አፍንጫቸው ላይ ነበር። በዚህ መሐል ሕፃኑ ለቅሶ የማይባል ደካማ ድምፅ አሰማ።

ተመራማሪዋ ጥግ ላይ የተከደነ ሳፋ አየች። «ያ ምንድን ነው?»

«የገላው ውሃ ነው። ጠዋት ቀድቼ ገና አላሞቅሁትም።»

«እስቲ ይንኩልኝ።»

እማማ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክርናቸውን ነከሩ፤ የሕፃን ውሃ የሚለካው በክርን ነው። እንደገና ነከሩ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ማን አሞቀው?» አሉ።

«ማንም አልነካውም፣ እማዬ።»

«ክፍሉ ነው ያሞቀው» አለች ተመራማሪዋ ቀስ ብላ። «ልጁም ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነው፤ ያውም ተጠቅልሎ።»

እማማ ብርድ ልብሶቹን ገፈፉ፤ ጨርቁን ከየስንጥቁ መዝዘው መስኮቱን በረገዱት። ልጁን በስስ ጨርቅ ይዘን ጥላ ወዳለበት በረንዳ ወጣን። ወደ ጤና ጣቢያ ልሮጥ የጫማዬን ማሰሪያ አጥብቄ ነበር። እማማ ግን ከሕፃኑ አፍ ዓይናቸውን አልነቀሉም። እናቱ እንደገና ጡቷን ስታስጠጋለት በመጨረሻ ያዘ፤ ሳበ። ጤና ጣቢያም ወሰድነው፤ በጊዜ ደርሳችሁለታል አሉን።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መስኮት የመክፈት ጥቅሙ ይህ ነው፦ በሙቀት ወራት ቤት ሲተነፍስ ሕፃን ይጠባል፣ እናት ታርፋለች፣ ሽማግሌም ራሱን አይስትም። ጣሪያውን ፀሐይ የሚመልስ ነጭ ቀለም የቀባ ደግሞ የበለጠ ይጠቀማል። እማማ ከዚያ ወዲህ በየቤቱ እየዞሩ ሰውን በግድ መስኮት ያስከፍታሉ። ሳይንስ በሰፈራችን እንዲህ ያለ ጉልበተኛ አግኝቶ አያውቅም።

በሚቀጥለው ሳምንት ተመራማሪዋ ልትለካ ተመልሳ መጣች። ልትወጣ ስትል አክስቷ እጇን ያዟት።

«ልጄ፣ ያን ዕለት ውጭው ከቤቱ ቀዝቀዝ ብሎ ጠበቀን። ውጭውም እንደ ቤቱ የጋለ ቀን ምን እንከፍታለን?»

ልጅቱ መሬት መሬት አየች። «እዚያ እንዳንደርስ ነው የምንለፋው።»

«ትችላላችሁ?»

«ብቻችንን አንችልም።»

እማማ ወንበር ሳቡላት። «በይ ተቀመጪ» አሉ፤ «ከሥራው የእኔ ድርሻ የቱ እንደሆነ ንገሪኝ።»