ከዋርካው የተንጠለጠለ ጆንያ

እህቴ፣ ሥራሽን ትንሽ አቆይተሽ አድምጭኝ። ስለ ቡጢ ላወራሽ ነው። አትሳቂ! እኔም ቡጢ የሰይጣን ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

በደርግ ጊዜ ነው፣ ሰባ አራት ዓመተ ምሕረት። ልጄ ተክለ ጊዮርጊስ ለቀበሌያችን ቡጢ ይጫወታል። አሠልጣኙ አሥር አለቃ ሀብተ ሥላሴ የድሮ ወታደር ናቸው፤ ልጆቹን ጥንድ ጥንድ አቁመው "በለው!" ማለት ነው ትምህርታቸው። አንድ ቀን ልጄ ግራ ዓይኑ አብጦ መጣ። ሐኪሙ "ሳይድን እዚያው ላይ ከተመታ ዓይኑ ይጠፋል" አለኝ። ለደብረ ማርቆሱ ውድድር የቀረው ሁለት ወር ነው። ተው ብለው አይሰማ፤ የሃያ ሁለት ዓመት ሰው አላስረው ነገር! እመቤቴን "አንቺ ዕወቂለት" አልኋት።

በማግሥቱ ማለዳ ከጊዮርጊስ ኪዳን አድርሼ በሐይቁ ዳር ስመለስ፣ ጉሙ ጣናን ሸፍኖታል። ታንኳዎቹ ውኃ ላይ ሳይሆን ሰማይ ላይ የሚሄዱ ይመስላሉ። ከጉሙ ውስጥ ዱብ... ዱብ... የሚል ድምፅ ይመጣል። ሐይቁ ተኝቶ ልቡ የሚመታ መሰለኝና አማተብሁ። ጠጋ ስል የጀልባ ሠሪው የጎረቤታችን የአብዱልወሃብ ልጅ ሳሊህ ነው፤ አዲስ አበባ ስፖርት ተምሮ መምህር ሆኖ የተመለሰው። ከዋርካው ላይ ጆንያ አንጠልጥሎ ይመታል።

"ምን አደረገህ ልጄ ይሄ ጆንያ?"

"ምንም አላደረገኝ እማማ የብርጓል። እኔም ብመታው አይደማ። ተክሌም በዚህ ቢለማመድ ኖሮ ዓይኑ በተረፈ።"

ይሄን ስንል አሥር አለቃ ለማለዳ ሩጫቸው ሲያልፉ ሰሙን።

"ጓድ መምህር! ጆንያ ጠላት ሆነብህ?"

"እንደምን አደሩ አሥር አለቃ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። እኛ ሰው ነው የምንመታ። ጆንያ አይሸሽ፣ አይመልስ፣ ምን ያስተምራል?"

"ስለማይሸሽ እኮ ነው የሚያስተምር። ሰው ፊት የቆመ ጀማሪ ይፈራል፣ ሲፈራ ዓይኑን ጨፍኖ ይወረውራል። ጆንያ ፊት ግን ራሱን ይመረምራል፦ እግሬ የት ነው? ከመታሁ በኋላ እጄ ወደ አገጬ ተመለሰ ወይ?"

"ወሬ! እኔ ሦስት ጥርስ ሰጥቼ ነው የተማርሁ።"

አላስቻለኝም። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከበሮ መቺ በጥምቀት ዕለት ታቦት ፊት ነው እንዴ የሚማር? መጀመሪያ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጉልበቱን እየመታ አይደለም?"

አሥር አለቃ ኮታቸውን አውልቀው አስያዙኝና ጆንያውን ባለ በሌለ ኃይላቸው አሉት። ጆንያው ጉሙ ውስጥ ገባ። እሳቸው ወደ እኛ ዞረው "አያችሁ?" ሲሉ ተመልሶ መጣና ትከሻቸውን ብሎ ሣሩ ላይ አስቀመጣቸው።

"አይመልስም አላሉም?" አለ ሳሊህ፣ እጁን ዘርግቶ እያነሳቸው። "ገፉት እንጂ አልመቱትም። የተገፋ ይወዛወዛል፤ በወጉ የተመታ ባለበት ይንቀጠቀጣል። እግርዎን ይትከሉ፣ ወገብዎን ያዙሩ፣ ትንፋሽዎን ያውጡ፣ እጅዎን ቶሎ ይመልሱ።"

ሞከሩ። ደገሙ። ዱብ... ዱብ... ጉሙ ውስጥ ሽበታቸው ጠፍቶ ጎረምሳ መሰሉኝ። በኋላ ጆንያውን በሁለት እጃቸው ይዘው አቆሙት።

"ስንቱን ልጅ በከንቱ አስደበደብሁ፣ ወይዘሮ የብርጓል" አሉ። "ከዛሬ ጀምሮ የልጅዎን ፊት ሰው አይነካውም። ከጆንያ ጋር ይሥራ፤ ሐኪሙ ካልፈቀደ ደግሞ ውድድሩ ይቅር።"

ለልጄ ሌላ ጆንያ የሰፋሁ እኔ ነኝ። ከባድ ይሁን ብዬ የሐይቅ አሸዋ ጠቀጠቅሁበት። ሳሊህ አይቶ ራሱን ያዘ፦ "እማማ! አሸዋ ወደ ታች ወርዶ ድንጋይ ይሆናል፣ የእጁን አንጓ ይሰብሩታል!" ደፋነውና ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የተጣለ የጥጥ ብጥስጣሽ ሞላነው። አሮጌ ነጠላዬንም ቀድጄ እጁን ጠመጠምሁለት።

ሐኪሙ ዓይኑን ደጋግሞ አይቶ ፈቀደ። ልጄ ደብረ ማርቆስ ሄደ፤ እኔ ሌሊቱንም ቀኑንም ስጸልይ ሰነበትሁ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ምንም ሳልጠይቀው ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሬ፣ ቀኝ ዓይኑን በመዳፌ ከደንሁና ጣቴን አሳየሁት።

"ስንት ነው?"

"ሦስት ነው እማዬ፣ ሽንኩርትም ይሸታል።" ሳቀ። "በነጥብ ተሸነፍሁ። ግን ያ ልጅ ግራ ዓይኔን በፈለገ ቁጥር እጄ ቀድሞት እዚያው ነበር።"

መንገድ ላይ እልል አልሁ። ሰው ያሸነፈ መሰለው።

አሥር አለቃ ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ጆንያ ያልመታ ልጅ ሰው ፊት አላቆሙም። የልጆቹ እግር ጸና፣ ትንፋሻቸው ረዘመ፣ ንዴታቸውንም ዋርካው ሥር ትተው ነበር ቤት የሚገቡ።

እህቴ፣ የአንቺም ልጅ ቡጢ ከወደደ አትርገሚው። ሄደሽ አሠልጣኙን "ጆንያ አላችሁ ወይ?" ብለሽ ጠይቂልኝ።