ከሰርጉ ፎቶ በላይ

በሳቢያን ሰፈር በሚያልፈው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች አይተዋወቁም። አንዷ ወጣት እርጉዝ ናት፣ ሌላዋ ሸምገል ያሉ እናት።

«ልጄ፣ ጉንጭሽ ላይ ያለው ማዲያት ነው?»

«አዎ እማማ፣ ከእርግዝናው ጋር ነው የመጣው።»

«የሚያጠፋ ክሬም አለ'ኮ!»

«ቆዳ የሚያቀላውን ነው? እሱን እየተቀባሁ ነው ያገባሁት። ማርገዜን ሳውቅ ግን ተውኩት።»

«ለምን?»

«ሐኪሟ ለጽንሱ ጥሩ አይደለም አለችኝ። ከዚያ ወደ ራሴ መልክ ተመለስኩ፣ ማዲያቱም ተጨመረ።»

«ባልሽስ?»

«እሱ ግድ አልሰጠውም። አማቴ ግን ሰው ፊት ‹ያቺ የሰርጉ ዕለት ያየናት ቆንጆ የት ሄደች?› አሉኝ።»

«አቦ! ምን መለስሽ ታዲያ?»

«‹የኔ መልክ ይሄ ነው። ልጄም የምትመስለው ይሄንን ነው› አልኳቸው።»

«ጎሽ! እሳቸውስ?»

«ከእሳቸው በፊት ባሌ ተነሳና ፎቶ ቤት ወሰደኝ። ሆዴን አቅፌ፣ ፊቴን ምንም ሳልቀባ ተነሳሁ። አሁን ሳሎን ተሰቅሏል፣ ከሰርጋችን ፎቶ በላይ።»

«ማሻላህ! አላህ በሰላም ይገላግልሽ።»

«አሚን፣ እማማ።»

ሳቢያን ወርጄ ታክሲው እስኪሄድ ድረስ ቆሜ ያንን የወጣቷን ፊት በመስኮቱ አየሁት።